የአባ ኮዳ ስኳድሮን

ሐዋሳ ውስጥ በእጄ ያልጻፍኩበት ነገር ቢኖር የሐይቁ ውኃ ብቻ ነው። የሥጋ ቤት ግድግዳ፣ የባጃጅ ጀርባ፣ የመዋዕለ ሕፃናት አጥር፣ የፀጉር ቤት መስታወት፣ የጭነት መኪና ግንባር፣ ሁሉም ላይ እጄ አለ። መሃል ከተማ ያለችው ሱቄ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ የሚቆምባት ጠባብ ክፍል ናት፤ በሯ ላይ የጻፍኩት ጽሑፍ ግን ከመንገዱ ማዶ ይነበባል። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለጉራ ነው። ግራ ቀኜ የስቲከርና የባነር ማተሚያ ቤት ተከፍቶ እኔ ዛሬም በብሩሽ የምተዳደር ሴት ስለሆንኩ ጉራው ይገባኛል።

ሙያውን ያስተማሩኝ ጋሼ ናቸው። ሰሜን ተወልደው፣ በወጣትነታቸው አየር ኃይል ገብተው፣ የሥራ ዘመናቸውን በሙሉ አውሮፕላን ጎን ላይ ቁጥርና ዓርማ ሲቀቡ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ ሐዋሳ የገቡ የሰፈራችን ሰው ናቸው። ለምን ሐዋሳን እንደመረጡ ሲጠየቁ «ሜዳዋ ለጥ ያለ ነው፣ ለማኮብኮብ ይመቻል» ይላሉ። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ሥራ ፈትቼ ሳለሁ ነው አጥራቸው ላይ የሳልኩትን አበባ አይተው የጠሩኝ። ያመሰግኑኛል ብዬ ስገባ «መስመርሽ ይንሸዋረራል» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተማሪያቸው ነኝ።

የጋሼ ትልቁ ሀብት አንድ ጥራዙ የላላ ደብተር ነው። ገና ሠልጣኝ ሳሉ የውጭ አገር አስተማሪዎቻቸው ጥለውት ከሄዱት አሮጌ መጽሔት ላይ ፎቶዎችን በምላጭ እየቆረጡ የለጠፉበት ነው። ፎቶዎቹ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፈረንሳይ ላይ የበረሩት የመጀመሪያዎቹ የአሜሪካ ስኳድሮኖች፣ ማለትም የጦር አውሮፕላን ቡድኖች ናቸው፤ ክንፋቸው ድርብ፣ አካላቸው እንጨትና ሸራ የሆነ አውሮፕላኖች። በአንዱ ጎን ላይ በኋላ እግሯ የምትራገጥ በቅሎ ተስላለች። በሌላው ላይ ቀለበት ውስጥ የተወረወረ ባርኔጣ አለ፤ ጋሼ እንዳስረዱኝ በእነሱ አገር ባርኔጣን ወደ ቡጢ መጋጠሚያው ቀለበት መወርወር «እኔም ገብቻለሁ» ማለት ነው። ረጅም ማጭድ የያዘ አፅምም አለ። እኔ የምወዳት ግን ዱላ ይዛ ቆሻሻ የምታባርረውን ባለ ቆብ ሴትዮ ነው። «ከየት እንዳመጧት ታውቂያለሽ?» ይሉኛል ጋሼ፣ ስንት ጊዜ ነግረውኝ። «ከዕቃ ማጠቢያ ዱቄት ቆርቆሮ ላይ!»

ጋሼን የሚገርማቸው የሥዕሉ ውበት አይደለም። እነዚያ ሰዎች ከመንግሥት የተሰጣቸው ቁጥር ብቻ ነበር፤ ቁጥር ደግሞ ሰማይ ላይ ከሩቅ አይለይም፣ ቢለይም ልብ አያሞቅም። ስለዚህ ዓርማውን ራሳቸው በራሪዎቹ ተሰብስበው፣ ተሳስቀው፣ ተጨቃጭቀው መረጡት። የበላዮቻቸው ሥራ ማጽደቅ ነበር። «እኔ ግን» ይሉና ጋሼ እዚያ ላይ ያቆማሉ። እሳቸው ዕድሜ ልካቸውን የቀቡት በሙሉ ከላይ በወረቀት ተስሎ፣ ልኩ በሴንቲሜትር ተጽፎ የመጣ ነው። አንድም ቀን «አንተስ ምን ትላለህ?» ያላቸው የለም። አንድ ዓርማ ራሳቸው መርጠው፣ ራሳቸው ስለው፣ አንድ ነገር ጎን ላይ ሆኖ ሲሄድ ማየት ይፈልጋሉ። ሌላ ምኞት እንዳላቸው ሰምቼ አላውቅም።

ችግሩ «ማየት» የሚለው ላይ ነው። የዓይን ግፊት አለባቸው። ሐኪሙ የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን እንጠብቅ ብሏቸዋል። አምና የሱቄን ጽሑፍ ከመንገዱ ማዶ ያነቡ ነበር። ዘንድሮ በሩ ሥር ቆመው ነው የሚያነቡት። እጃቸውም ስለሚንቀጠቀጥ ብሩሽ ከያዙ ቆይተዋል። ዓርማው የሚገኝ ከሆነ ቶሎ መገኘት ነበረበት።

ሥራው የመጣው ከሐይቅ ዳር ነው። ዘጠኝ ጀልባ ይዘው አዲስ ማኅበር የመሠረቱ ወጣቶች ናቸው፤ ለሽርሽር የሚመጣውን ሰው ሐይቁ ላይ ያንሸራሽራሉ። ነባር ማኅበራት ስላሉ ጀልባዎቹ ውኃው ላይ ሲደባለቁ ተራ አስከባሪው የማንን እንደሚጠራ ይቸግረዋል፣ በየቀኑ ጭቅጭቅ ነው። «እህቴ፣ ከሩቅ የሚለይ ምልክት ነው የምንፈልገው» አለኝ ሰብሳቢያቸው፤ ሠላሳ ያልሞላው፣ ሲናገር ስልኩን በጣቱ የሚያሽከረክር ፈጣን ሰው ነው። ሥራው ለሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ለፍቼ ጨምበላላ መድረስ አለበት፤ ያን ዕለት በዓሉ በሚከበርበት በጉዱማሌ የዋለው ሕዝብ ወደ ሐይቁ ስለሚወርድ ከዓመቱ ሁሉ የበለጠ ሥራ የሚሠሩት ያኔ ነው። «ቀኑ መቼ ነው?» አልኩት። «ሽማግሌዎቹ ከዋክብቱን አይተው ሲያውጁ» አለኝ። ሥራ ተቀብዬ የማስረከቢያ ቀኑ ሰማይ ላይ ሲሆን ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ጋሼን ይዤ ወረድኩ። ለካ ወጣቶቹ ከእኔ በፊት ስቲከር ቤት ሄደው ኖሯል። አንዷ ጀልባ ላይ በሁለቱም ጎን አንበሳ ተለጥፏል። በቀኝ በኩል አንበሳው ወደ ፊት ይሮጣል። በግራ በኩል ዞሬ ሳየው ወደ ኋላ ይሮጣል፤ አታሚው አንዱን ምስል ሁለት ጊዜ አትሞ ሰጥቷቸዋል።

«ይኼኛው ደግሞ ከማን ነው የሚሸሸው?» አልኩት ሰብሳቢውን።

ዞሮ አየ። ጓደኞቹ ሳቁበት። ጋሼ መጀመሪያ ያስተማሩኝ ነገር ይህ ነበር፤ በአውሮፕላኑ ግራም ሆነ ቀኝ እንስሳው ፊቱ ወደ አፍንጫው ነው፣ ወደ ጭራው የዞረ እንስሳ ሽሽት ላይ ነው። ሥራውን ያገኘሁት እዚያው ነው።

ምን ይሳል የሚለው ግን ሌላ ጣጣ ሆነ። ሰብሳቢው ስልኩን አውጥቶ የአንድ የአውሮፓ ኳስ ቡድን ዓርማ አሳየን። ጋሼ ከተቀመጡበት የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቆጥተው ተነሡ። «የሰው ዓርማ እንዴት ይለጠፋል? ዓርማ ከራስ ነው የሚወጣው!» ብለው ደብተራቸውን ገለጡ። ወጣቶቹ ተሰበሰቡ። ጋሼ አንድ በአንድ አስረዷቸው። በቅሎዋን ወደዷት፣ አፅሙን ፈሩት፣ ባርኔጣውን ተከራከሩበት። ባለ ቆቧ ሴትዮ ጋ ሲደርሱ ጋሼ እንደ ልማዳቸው ስለ ቆርቆሮው ነገሯቸው።

ሰብሳቢው ቀስ ብሎ «ታዲያ ጋሼ፣ እነሱ ከቆርቆሮ ከወሰዱ እኛ ከኳስ ቡድን ብንወስድ ምን ነውር አለው?» አለ።

ጋሼ ደብተራቸውን ከደኑት። እኔ ሳቄን በነጠላዬ ጫፍ ያዝኩ። ጋሼም «ሦስት ቀን ስጡኝ» አሉ።

ሦስቱን ቀን ዳር ላይ ተቀምጠው ዋሉ። ጠዋት በባጃጅ አደርሳቸዋለሁ፣ ማታ እመልሳቸዋለሁ። ምን እየሠሩ እንደሆነ ስጠይቃቸው «እየሰማሁ ነው» ይሉኛል። የሚሰሙት ስድብ ነበር። የነባሮቹ ማኅበራት ጀልበኞች አዲሶቹን «አባ ኮዳዎች» ይሏቸዋል። አባ ኮዳን የማያውቅ የሐዋሳ ሰው የለም፤ ከሰው ወገብ በላይ የሚቆም፣ ራሱ መላጣ፣ አንገቱ ላይ ከረጢት ያንጠለጠለ፣ ዓሣ ገበያው አጠገብ የሚጣለውን አንጀት ቆሞ የሚጠብቅ ወፍ ነው። አዲሶቹም ከትልልቆቹ ጀልባዎች የተረፈውን መንገደኛ ዳር ላይ ቆመው ስለሚጠብቁ ነው ስሙ የወጣላቸው።

በሦስተኛው ቀን ጋሼ ሰበሰቧቸውና «ዓርማችሁ አባ ኮዳ ነው» አሉ።

ሰብሳቢው ስልኩን ማሽከርከር አቆመ። «ጋሼ፣ በአፋቸው የሰደቡን አንሶ እኛው በቀለም እንጻፈው?»

«ስድቡን አንተው ጎንህ ላይ ከሳልከው በኋላ በምን ይሰድቡሃል?» አሉት። «ደግሞ ይህ ወፍ የሚያስቀይመው ሲቆም ነው። ሲነሣ አይታችሁታል? ክንፉን ልብ ብላችሁ አይታችኋል?»

ሁሉም ቀና አሉ። ከዓሣ ገበያው በላይ ሦስት አራቱ ክንፋቸውን ሳያንቀሳቅሱ ይዞራሉ። ስንት ዓመት አብረውን ኖረው እንደዚያ ቀን ትኩር ብዬ አይቻቸው አላውቅም። ከኋላ አንዱ ጀልበኛ በሲዳሙ አፎ፣ በሲዳማ ቋንቋ፣ አንድ ነገር ጣል አደረገና ሁሉም በሳቅ ፈነዱ። «ምን አለ?» ብዬ ጠየቅኩ። «እዚህ ዳርቻ ተራውን የሚጠብቅ ይህ ወፍ ብቻ ነው» ማለቱ ነበር። ከሳቁ በኋላ እጅ አውጡ ተባለ። ሁሉም አወጡ፣ ሰብሳቢው የመጨረሻው ነበር። «ስኳድሮን» የሚለውን የጨመሩት ራሳቸው ናቸው፤ የአባ ኮዳ ስኳድሮን።

ጋሼ ዓርማውን ሲስሉ ሱቄ ውስጥ ነበርን። ትልቅ ካርቶን ዘርግተው፣ አፍንጫቸው ካርቶኑን ሊነካ እስኪደርስ አጎንብሰው፣ በከሰል ነው የሳሉት። እጃቸው ሲንቀጠቀጥ ያቆማሉ፣ ይጠብቃሉ፣ ይቀጥላሉ። ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ክንፉን ግማሽ የከፈተ፣ አንገቱን ወደ ፊት የሰደደ ወፍ ወጣ። ትንሽ ከቀረብሽኝ እነሣለሁ የሚል ዓይነት። ኮርቼባቸው እንባዬ መጣ፣ ደግነቱ አኳራጁ ነው የሚል ሰበብ ነበረኝ፣ ክፍሉ በሙሉ የቀለም ማቅጠኛ ይሸታል።

አሁን ወደ ስህተቱ ልምጣ። ጀልባዎቹ ለቀለም ደረቅ ላይ ወጥተው ተደርድረዋል። ጋሼ ሜትራቸውን ይዘው ከጀልባዋ ከንፈር እስከ ሆዷ ድረስ ለኩ፣ ለሁለት ከፈሉ፣ መካከሉ ላይ በጠመኔ አሰመሩ። «የወፉ ወገብ እዚህ ይሁን» አሉ። ለአውሮፕላን እንዲያ ነው የሚደረገው። እኔ ግን ሐይቅ ዳር ነው ተወልጄ ያደግሁት። ጀልባ ሰው ሲጫንባት ምን ያህል እንደምትጠልቅ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። እንዲህ ከተሳለ ወፉ ይሰምጣል።

ላስቆማቸው አፌን ከፈትኩ። ጀልበኞቹ ሁሉ ቆመው ያያሉ። ጋሼ በዚያ በደከመ ዓይናቸው ያሰመሩትን መስመር በአውራ ጣታቸው እየዳበሱ ፈገግ ብለዋል። አፌን ዘጋሁ። ሰብሳቢውን አየሁት፤ እሱም መሬት መሬት ያያል። በኋላ እንደተረዳሁት እዚያ የቆሙት ሁሉ ያውቁ ነበር። ውኃ ላይ ያደጉ ሰዎች ነን፣ አየር ኃይል የኖሩ አንድ ሽማግሌ ሲሳሳቱ በአክብሮት ቆመን አየን። ከእኛ በቀር ይህን ስህተት የሚሠራ ሕዝብ ያለ አይመስለኝም።

ከዚያ ሥራዬን ሠራሁ፤ ሥራዬን ደግሞ አሳምሬ ነው የምሠራው። በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩ፣ ስቱኮ ሞላሁ፣ ነጭ አለበስኩ፣ ዘጠኝ ጀልባ በሁለት ጎን አሥራ ስምንት አባ ኮዳ ሳልኩ። ሁሉም ወደ ጀልባዋ አፍንጫ ይመለከታሉ። መንገደኛ ሁሉ እየቆመ ፎቶ አነሣ።

ሽማግሌዎቹ ቀኑን አወጁ፣ ፍቼ ሳምንት ቀረው። ለሙከራ የመጀመሪያዋ ጀልባ ወደ ውኃ ወረደች። ጋሼ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከረባት አስረው፣ ከዘራቸውን ይዘው ዳር ላይ ተቀመጡ። ባዶዋን ስትንሳፈፍ ወፉ እስከ ጉልበቱ ውኃ ውስጥ ገባ። አሥር ሰው ሲወጣባት ወገቡ፣ ክንፉ፣ ደረቱ ተከታትለው ገቡ። ከውኃው በላይ የቀረው መላጣ ራሱና መንቆሩ ነበር።

«እንዴት ነው?» አሉኝ ጋሼ አንገታቸውን አስግገው። እሳቸው የሚያዩት ነጭ ነገር ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው።

«ያምራል ጋሼ» አልኩ።

ወዲያው ከነባሮቹ ጀልባዎች አንዱ እየሳቀ «አባ ኮዳው ሰመጠ! ላይፍ ጃኬት ስጡት!» ብሎ ጮኸ። ዳርቻው በሙሉ ሳቀ። የእኛዎቹም ሳይወዱ ሳቁ። ጋሼ ጆሯቸው ደህና ነው።

«ሰመጠ ነው የሚሉት?»

ነገርኳቸው። የት ድረስ እንደገባ፣ ምን እንደቀረ፣ አንድም ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ከረባታቸውን ፈቱት። ሰብሳቢው መጥቶ አጠገባችን ቆሞ ነበር።

«ስለካ ታውቂ ነበር?» አሉኝ ጋሼ።

«አዎ።»

«አንተስ?» አሉት ሰብሳቢውን።

«አውቅ ነበር ጋሼ። ግን እርስዎን በሰው ፊት…» ብሎ ተወው።

ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «ወጣት ሳለሁ» አሉ ቀስ ብለው፣ «አንዴ ቁጥር ገልብጬ ቀባሁ። አለቃዬ በሁሉም ፊት ጮኸብኝ። ነገ ደግሞ እንደምቀባ ስለሚያውቅ ነው። ሰው የሚታረመው ገና ይሠራል ተብሎ ሲታሰብ ነው። አንቺ ዝም ያልሽኝ ከእንግዲህ ምን ይሠራሉ ብለሽ ነው። አከበርኩ ብለሽ ዳር አስቀመጥሽኝ።»

አፈርኩ። ብዙ ጊዜ የማፍር ሰው አይደለሁም፤ የዚያን ቀን ግን ፊቴን የማዞርበት አጣሁ፣ ምክንያቱም እውነታቸውን ነበር። አዛውንት ማክበር ብዬ የጠራሁት ነገር ውስጥ «ደግ ሰው፣ አልቆላቸዋል» የሚል ነበረበት። እኔ ራሴ ላይ ማንም እንዲያ ቢያስብ ቤቱ ላይ ቀለም እደፋበት ነበር።

ይቅርታ ጠየቅኋቸው። «ይቅርታውን ተይው፣ ስንት ቀን አለን?» አሉኝ። ስድስት ቀን ነበረን። አሥራ ስምንቱንም ወፍ ፋቅሁ። በዚህኛው ዙር እኔ ወገቤ ድረስ ውኃ ውስጥ ቆሜ፣ ጀልበኞቹ አሥር አሥር እየሆኑ እየተጫኑ፣ ውኃው የደረሰበትን በየጀልባዋ ላይ ምልክት አደረግሁ። ከዚያ በላይ የቀረው ቦታ ጠባብ ነው። «ወፉ ማነስ አለበት» አልኩ። «አንገቱን እንዳትነኪ» አሉ። «ሁሉንም እኩል ነው የማሳንሰው» አልኩ። «እግሩን ነጭ አድርጊው፣ አባ ኮዳ እግሩ ነጭ ነው» አሉ። «ግራጫ ነው ጋሼ፣ ነጭ የሚመስለው በገዛ እግሩ ላይ ስለሚያራ ነው» አልኳቸው፣ ሰብሳቢውም ደገፈኝ። ተጨቃጨቅን። እግሩ ነጭ ሆነ። ስድስቱን ቀን ሙሉ ድምፃችን ዓሣ ገበያው ድረስ ይሰማ ነበር፣ ጋሼም ያን ሁሉ ቀን ደከመኝ አላሉም።

የፍቼ ዕለት ሕዝቡ ከጉዱማሌ እየጨፈረ ወረደ። ዘጠኙ ጀልባዎች ሞልተው ወጡ። አሥራ ስምንቱ ወፎች ከነሙሉ አካላቸው፣ እግራቸው ውኃውን ነካ እያደረገ፣ ፊታቸውን ወደ ጀልባዋ አፍንጫ አድርገው ሄዱ። ተራ አስከባሪው ከሩቅ ለይቶ «አባ ኮዳ ሦስት!» ብሎ ሲጠራ ሰማሁ። ልቤ በደስታ ሊፈነዳ ነበር፣ ሠርቼዋለሁ አልኩ። ጋሼ ውኃው ጫፍ ድረስ ቀርበው ነበር። አንዷ ጀልባ በሁለት ክንድ ርቀት ስታልፍ ጎንበስ ብለው፣ ዓይናቸውን አጥብበው አዩ። እስክትርቅ ድረስ ቆዩ።

ከዚያ ዞረው «አንገቱ አጥሯል» አሉ።

ዙሪያችን ሰው ሞልቷል። ሰብሳቢው የበዓል ልብሱን እንደለበሰ አጠገባችን ቆሟል፤ እሺ በያቸው የሚል ዓይን ሰጠኝ።

«አላጠረም» አልኩ ጮክ ብዬ። «ተሳስተዋል ጋሼ።»

የሰሙት ሰዎች ዞሩብኝ። አንዲት እናት «ኧረ ልጄ!» አሉ። ጋሼ ግን ከዘራቸውን መሬት ላይ መታ አድርገው፣ ጥርሳቸው እስኪታይ ሳቁ። ስንት ዓመት ሳውቃቸው እንደዚያ ሲስቁ አይቼ አላውቅም።

«ነገ በጠዋት ሱቅ እመጣለሁ» አሉኝ። «ሜትርሽን አዘጋጂ።»

በማግስቱ ገና ሱቁን ሳልከፍት መጡ። የከሰል ሥዕላቸውን ከካርቶኑ ላይ፣ የእኔን ወፎቹን ቆርጬ ካወጣሁበት ስቴንስል ላይ እየለካን ሁለቱንም አስተያየን። ሁሉንም እኩል ያሳነስኩ መስሎኝ አንገቱን ለብቻው አሳጥሬዋለሁ። በሦስት ጣት አጥሯል።